አሚን የተባለለት ጁስ

ጠዋት ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምወርድ ሴት ነኝ። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ሲይዝ ሹራቤን አወልቃለሁ፤ ማታ ሽቅብ ስንመለስ እዚያው አካባቢ መልሼ እለብሰዋለሁ። ሥራዬ የጤና ቁጥጥር ነው። ዕድሜዬን በሥጋ ቤት መንጠቆ፣ በሆቴል ሽንት ቤትና በዳቦ ቤት አይጥ ስነታረክ ኖሬ፣ ልጆችን በሚጎዳ ምግብ ማስታወቂያ ላይ ገደብ የሚጥለው ሕግ ሲመጣ ደግሞ እሱም እኔው ላይ ወደቀ። ለምን እኔ ላይ እንደወደቀ ግልጽ ነው። በእኛ ቢሮ አዲስ ሥራ የሚሰጠው ከስብሰባ ለቀረ ሰው ነው፤ ያን ቀን ጥርሴን አሞኝ ቀርቼ ነበር።

ሕጉ ወረቀት ላይ ሲነበብ ደስ ይላል። ስኳርና ጨው የበዛበትን ነገር ለልጆች አታስተዋውቁ፤ ትምህርት ቤት አጠገብ አትለጥፉ፤ በካርቱን አታባብሉ፤ በስጦታ አትደልሉ ነው የሚለው ባጭሩ። ሲሠራ ግን እንዲህ ነው፦ ከአንድ ሱቅ በር ላይ ጁስ የሚጠጣ የአንበሳ ሥዕል እልጣለሁ። ባለሱቁ ክንዱን አጣምሮ ያየኛል። ከሥዕሉ ጋር ቀለሙም ተነሥቶ ይመጣል፤ «ግድግዳዬን ማን ሊቀባልኝ ነው?» ይለኛል። ይቅርታ ብዬ እሄዳለሁ። በሳምንቱ ስመለስ አንበሳው ወጥቶ ዝሆን ተለጥፏል። ዝሆኑም ያንኑ ጁስ ይጠጣል። ጥፍሬ ሥር የገባው ሙጫ እንኳ በሳሙና አልለቅ ብሎኝ እንጀራ የምቆርሰው በሰቀቀን ነበር። ተስፋ ቆረጥኩ አልልም፤ ደከመኝ ነው የምለው።

ጁስ የምለው ያው ጁስ ስለሚሉት ነው እንጂ ፍሬ የሚባል ነገር በአጠገቡም አላለፈም። በትንሽ የላስቲክ ከረጢት የታሸገ፣ ቀለሙ ከሩቅ የሚጣራ፣ ጫፉን በጥርስ ቦጭቀው የሚመጠምጡት ነገር ነው። ስሙን አልጠራውም፤ በበቂ ሁኔታ ተጠርቷል።

አንድ ቀን ከፋብሪካዎቹ ሠፈር የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ስልክ ደወለችልኝ። የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች አብዛኞቹ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ናቸው። እናቶቻቸው ከሐርቡ፣ ከወረባቦ፣ ከዚያም ወዲያ ካለው ገጠር ሥራ ፍለጋ የወረዱ፣ በፈረቃ የሚገቡና የሚወጡ ናቸው። ርእሰ መምህርቷ ከዚህ በፊትም ምሳ ዕቃው ሳይከፈት እንደሚመለስ፣ ልጆቹ ሲስቁ ጥቁር ጥርስ እንደሚታይ ነግራኛለች። እኔም አፋቸውን አስከፍቼ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን ድምፅዋ ሌላ ነበር።

«ፖስተር አይደለም» አለችኝ። «ነይና በጆሮሽ ስሚው። እኔ ስነግርሽ አታምኝኝም።»

ልጆች ሊለቀቁ ሲሉ ደረስኩ። በሩ ላይ ሞንታርቦ የተጫነባት መኪና ቆማለች። ከጋቢናው ነጭ ጥምጥም ያሰሩ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ በዝግታ ወረዱ። ሽክ ያለ የሽያጭ ወኪል ክንዳቸውን ደግፎ ማይክ አስጨበጣቸው። ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ግር ብለው ወጡ፤ ሽማግሌውን ሲያዩ ግን ሩጫቸውን ገቱ፤ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ከተው መዳፋቸውን ዘረጉ።

«አላህ ያሳድጋችሁ!» አሉ ሽማግሌው።

«አሚን!» አለ መንገዱ ሁሉ።

«ለናት ላባታችሁ ያድርጋችሁ!»

«አሚን!»

«ቀለሙን ይግለጥላችሁ፣ ካይነ ክፉ ይሰውራችሁ!»

«አሚን!»

ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይለውጡ የጁሱን ስም ጠሩና «ይህን የጠጣ ይፋፋ፣ ይጠንክር!» አሉ። «አሚን!» አሉ ልጆቹ። ለዱዓ የተዘረጋው እጅ ሳይታጠፍ ወኪሉ እየዞረ በየመዳፉ ላይ አንዳንድ ጁስ አስቀመጠ።

ወሎ ላላደገ ሰው ይህን ማስረዳት ከባድ ነው። እኛ ዘንድ ዱዓ ሲደረግ እጅ ይዘረጋል፣ አሚን ይባላል፣ አለቀ። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። መንገደኛ ይመረቃል፣ ፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ይመረቃል፤ ሱቅ ሲከፈት፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ የታመመ ሲነሣ ዱዓ አለ። ክርስቲያኑ ጎረቤት ሳይቀር አብሮ ቁጭ ብሎ አሜኑን ይላል። ሽማግሌ እየመረቁ እጁን ኪሱ የከተተ ሰው ቢገኝ፣ ልጁን ሊድር ሲነሣ ያስታውሱበታል። ይህን ያሰበው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከእኔም ከሕጉም የበለጠ አገሩን ያውቃል። ተናደድኩ። ትንሽም አደነቅሁት፤ መናደዴን ያባሰው ይኸው ነበር።

ሽማግሌው ማይኩን መልሰው ወደ መኪናው ሲዞሩ ፊታቸውን አየሁት። አወቅኋቸው። የአባቴ የቢስቲማ ወዳጅ ናቸው። እኔ ስዳር ደሴ ድረስ መጥተው የመረቁኝ እሳቸው ናቸው። ቢስቲማ በነበሩበት ዘመን ደም የተቃባ ሰው ያለእሳቸው አይታረቅም ነበር። ሄጄ እጃቸውን ሳምኩ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አጂብ ነው!» አሉኝ። «ያ ደግ ሰው፣ አላህ ይዘንለት። አንችን ትቶልን ነው የሄደ ለካ።»

ባለቤታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ልጃቸው ወደ ኮምቦልቻ እንዳመጣቻቸው አጫወቱኝ። ልጅቱ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ቀን ሥራ ስትገባ ቀን፣ ማታ ስትገባ ማታ ብቻቸውን ናቸው። ኮምቦልቻ የሚያውቃቸው የለም። ጎረቤቱ ሁሉ በፈረቃ የሚተኛና የሚነሣ ነው፤ ዱዓ አድርጉልን የሚል ቀርቶ ደህና ዋሉ የሚልም ጥቂት ነው። ይህ ወጣት ወኪል ከመስጊድ በር አግኝቷቸው «ለልጆች ዱዓ ያድርጉልን» አላቸው። ከዚያ ወዲህ መኪና እየተላከላቸው ይመጣሉ።

«ሰው እንደ ገና ፈለገኝ» አሉኝ እየሳቁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ተበላሸብኝ። ዝሆን መላጥ ቀላል ነው፤ ዝሆን የአባት ወዳጅ አይሆንም። እኒህን ሰው ካስቆምኩ የማስቆመው ማስታወቂያ ብቻ አልነበረም። በማያውቃቸው ከተማ ውስጥ ሰው ሆነው የሚውሉባትን ያቺን ሰዓት ነው የምወስድባቸው። ካላስቆምኩ ደግሞ እነዚያ ሁሉ ልጆች መዳፋቸውን ዘርግተው ይቀበላሉ፤ እናቶቻቸው ልጆቻችን ተመረቁ ብለው ደስ ይላቸዋል።

ለቢሮ ኃላፊዬ ነገርኩት። ደግ ሰው ነው፤ ነገር አይወድም። ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ።

«ዱዓ ማስታወቂያ ነው ብለሽ ልትጽፊ? እዚህ አገር?»

«መጨረሻው ላይ የጁሱ ስም አለበት።»

«ነገ መንገድ ላይ ሰላም የሚለን ሰው እናጣለን። ተይ በናትሽ። በቃል ንገሪያቸው፣ በወግ በወጉ።»

በቃል ልነግራቸው ሄድኩ። ልጆቹ ሳይለቀቁ ቀድሜ ደርሼ፣ ነጭ ጋዋኔን ለብሼ፣ ባጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከመኪናዋ አጠገብ ቆምኩ። እንዴት እንደምጀምር ሚኒባስ ውስጥ ስለማመድ ነበር የመጣሁት። «አባባ፣ ዱዓዎን የሚጠላ የለም፣ ነገር ግን...» እያልኩ። ሽማግሌው ከጋቢናው ሲወርዱ ገና ሰላም ሳልላቸው ፊቴን ትክ ብለው አዩት።

«ምነው የኔ ሸጋ? ደክሞሻል።»

«ደህና ነኝ አባባ። አንድ ነገር ልነግርዎት ፈልጌ...»

«ኧረ ደክሞሻል ወላሂ። ነይማ፣ መጀመሪያ ዱዓ ላድርግልሽ፤ ነገሩ የትም አይሄድ።»

እጃቸውን አነሡ። የእኔም እጅ ተነሣ። እጄን አንሺ ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ከሕፃንነቱ የለመደውን አደረገ።

«ድካምሽን ያንሳልሽ!»

«አሚን» አልኩ። ዓይኔ እንባ ስላቀረረ ጨፈንኩት። ደክሞሻል ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

«ያባትሽን ነፍስ ያሳርፍ!»

«አሚን።»

«የምትለፊላቸውን ልጆች ሁሉ ያሳድግልሽ!»

«አሚን።»

ደወሉ መደወሉን አልሰማሁም። ልጆቹ ከበውን አብረውኝ አሚን እያሉ ነው። ወኪሉም ማይኩን መቼ ከአፋቸው አጠገብ እንዳደረሰው አላየሁም። ሽማግሌው አንዴ ከጀመሩ ወደ ለመዱት አለፉ፤ የጁሱን ስም ጠርተው «ይህን የጠጣ ይፋፋ፣ ይጠንክር!» አሉ። እኔም «አሚን» አልኩ። አፌ ሐረጎን ቁልቁል እንደያዘ ሚኒባስ ነበር፤ መሀል ላይ ቁም ቢሉት የሚቆም አይደለም። ዓይኔን ስገልጥ ወኪሉ ስልኩን ፊቴ ላይ ደግኖ ፈገግ ብሏል።

ቪዲዮው ከኔ ቀድሞ ደሴ ገባ። ነጭ ጋዋን፣ ባጅ፣ የተዘረጋ መዳፍ፣ እንባ ያቀረረ ዓይን፤ ከሥሩ ደግሞ የጁሱ ሥዕል። የጤና ባለሙያዋ አሚን ብላለታለች የሚል ነገር ጽፈውበታል። ፒያሳ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት ባጃጅ ውስጥ ዞር ብላ እያየችኝ «አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ። አይደለሁም አልኳት።

ሥራዬ ላይ የደረሰውን መናገር ያደክመኛል። የፈረደበትን ዝሆን ልልጥ ስሄድ ባለሱቁ ከባንኮኒው ሳይነሣ ስልኩን አሳየኝ። «ፖስተሩ ሐራም ሆኖ ዱዓው ሐላል ነው እንዴ?» አለኝ። ጎረቤቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ዝሆኑን ሳልነካው ተመለስኩ። ርእሰ መምህርቷ ስትደውልልኝ አልተቆጣችኝም፤ «ወላጆች ቪዲዮውን እያሳዩኝ ነው» አለች ብቻ። አንዲት እናት የልጅዋን ምሳ ዕቃ ትታ ጁሱን ገዝታ መላክ ጀምራለች፤ ዱዓ ተደርጎበታል ብላ። ይህን ስሰማ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

በሕጉ ያልተንቀሳቀሰው ኃላፊዬ በሰው ሳቅ ተንቀሳቀሰ። ከላይ ያሉት ደውለው «የናንተ ሠራተኛ ናት ወይ?» ብለው ጠይቀውታል። ጠርቶኝ ጻፊው አለኝ። ጻፍኩት። ዱዓ የሚለውን ቃል አላስገባሁበትም፤ በትምህርት ቤት በር ላይ ምርቱን በማናቸውም የአነጋገር መንገድ ማስተዋወቅና ለልጆች ማደል ክልክል መሆኑን ነው የጻፍኩት። እሱም ሳያነብ ፈረመ። የጁሱ አከፋፋይ አልተከራከረም። መኪናዋን በማግስቱ አነሣ፤ ጁስ ማደሉም ቆመ። የሚፈልገውን አግኝቷል፤ ቪዲዮው በየስልኩ አለ። አሸንፈናል ተብሎ በስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ። ማጨብጨቡ ራሱ ራሴን አሳመመኝ።

ለሽማግሌው ግን ማንም አልነገራቸውም። ወኪሉ ስልክ እንኳ አልደወለላቸውም። የሆነውን ርእሰ መምህርቷ ነገረችኝ። መኪናው ሳይመጣላቸው ሲቀር በእግራቸው፣ በዚያ የኮምቦልቻ ፀሐይ፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው መጥተዋል። በሩ ላይ ቆሙ። ልጆቹ ሲወጡ ያለ ማይክ ዱዓቸውን ጀመሩ። ፊት ፊት ያሉት ቆም ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። አንድ ሁለት ጊዜ አሚን አሉ። ከዚያ መኪናዋ የምትቆምበትን ቦታ አዩት፣ የሽማግሌውን ባዶ እጅ አዩት፣ አንዳንድ እያሉ እጃቸውን አጥፈው ሄዱ። እሷ ብቻ ቀርታ እስከ መጨረሻው አሚን እንዳለችላቸው ነገረችኝ፤ ክርስቲያን ናት።

እንደዚያ ቀን በሥራዬ አዝኜ አላውቅም። እንደ ገና ጻፊ ብባል ግን እጽፈዋለሁ። የልጆቹን አፍ አይቻለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ አንዱን አላስታገሠልኝም።

ሄጄ በራሴ አፍ መንገር ነበረብኝ፤ ሄድኩ። ቤታቸው ከፋብሪካው ኋላ፣ በር ለበር ከተደረደሩት የኪራይ ክፍሎች አንዷ ናት። ልጃቸው ሥራ ገብታለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የመስበሐቸውን ዶቃ ይቆጥሩ ነበር። ሲያዩኝ ለመነሣት ታገሉ፤ ኧረ በአላህ ብዬ አስቀመጥኳቸው።

«ነይ ግቢ፣ የኔ ሸጋ። ቤት ባዶ ሁኖ አገኘሽኝ» አሉ። ግራ ቀኝ ተመለከቱ፤ ከዚያ ከአልጋው ሥር እጃቸውን ሰደው ካርቶን ሳቡ። ጁሱ ነበር። ወኪሉ ለእንግዳ ይሁንዎት ብሎ የሰጣቸው ነው። አንዱን አውጥተው አቧራውን በጋቢያቸው ጠርገው ሰጡኝ። «ጉሮሮሽን አርጥቢ። ሌላ የማቀርብልሽ የለኝም፤ አፉ በይኝ።»

በሰው ቤት፣ በአባቴ ወዳጅ ቤት፣ የቀረበልኝን አልጠጣም ልል? ጫፉን በጥርሴ ቦጭቄ መጠጥሁት። ሞቅ ብሎ ነበር። ይጣፍጣል፤ አልዋሽም። የታመመው ጥርሴ ግን ወዲያው ነገረኝ።

«እርስዎ አይጠጡም?» አልኳቸው።

«እኔማ ሱካር አለብኝ፤ ሐኪም ከልክሎኛል። ቀምሸው አላውቅ።»

ከረጢቱን እጄ ውስጥ ጨመደድኩት። «አባባ፣ እዚህ ውስጥ ያለው እሱው ነው። ስኳርና ቀለም። የልጆቹ ጥርስ ረግፏል፣ ምሳ መብላት ትተዋል። ለልጆች እንዳይተዋወቅ የሚከለክል ሕግ አለ።»

መስበሐው ቆመ። «ይህን የነገረኝ የለም» አሉ።

«መኪናውን ያስቆምኩት እኔ ነኝ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢረግሙኝስ ብዬም ፈራሁ፤ ይህን ያህል ዓመት ተምሬ፣ ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነው።

«ያን ቀን ያልሽው አሚን የልብሽ ነበር?»

«የልቤ ነበር አባባ።»

«እና ታዲያ እኔን የከለከልሽኝ የቱን ነው?»

«ዱዓውን ማን ይከለክልዎታል! ዛሬም ነገም ሄደው ይመርቋቸው። እኔ የከለከልኩት የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው፣ የጁሱን ስም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ገባቸው። ቅር እንዳላላቸው ሊያሳዩኝ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አብሽሪ፣ ልጀ። ደግ አድርገሻል» አሉኝ። ከዚያ ወደ በሩ፣ ወደ ባዶው ግቢ እያዩ፣ «መኪናውን የሚልኩልኝ ግን ለዚያች ቃል ነበር። ልጆቹም የሚቆሙልኝ ለሷ ነበር» አሉ።